የሕዝብ ግንኙነት ጥናት ውስጥ ሕዝቡ የት አለ?

ጥያቄ፦ «የሕዝብ ግንኙነት ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ድርጅት ፌስቡክን እንዴት እንደሚጠቀም ላጠና ፕሮፖዛል አስገብቼ ነበር። አማካሪዬ ‹ይሄ ታኝኮ ያለቀ ርዕስ ነው፤ የዘርፉ ጥናት አሁን ወዴት እያመራ እንደሆነ አንብበሽ ተመለሺ› አሉኝ። ሳነብ ግን ይበልጥ ተደናገርኩ። አንዱ የግሩኒግን ሞዴል ይዟል፤ ሌላው ግሩኒግ አርጅቷል ይላል፤ ሌላው ሁሉንም ትቶ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይጽፋል። የትኛውን ልያዝ? ግራ የገባት ነኝ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አማካሪሽ ልክ ናቸው። ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገሩሽ። ታኝኮ ያለቀው ፌስቡክ ሳይሆን ጥያቄው ነው። «ድርጅቱ ምን ለጠፈ? በሳምንት ስንቴ ለጠፈ? ስንት ላይክ አገኘ?» የሚለው ጥያቄ። ፌስቡክን በቲክቶክ ብትቀይሪው፣ ቲክቶክን በቻትቦት ብትቀይሪው፣ ጥያቄው ያው ከሆነ ወረቀቱም ያው ነው።

ስለዚህ ትኩስ ርዕስ ከመፈለግሽ በፊት ዘርፉ ምን ምን ሲጠይቅ እንደኖረ እንይ። የኔን አቋም ከወዲሁ ልንገርሽና አንቺ ፍረጂ። የዘርፋችን ስም ውስጥ ሕዝብ አለ። ጥናታችን ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ዛሬ ከሚወጡት ሥራዎች ጥሩ ጥሩዎቹ ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚሞክሩት ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሙያው ከጥናቱ ይቀድማል። አይቪ ሊ በ1906 ለጋዜጦች የመርሕ መግለጫውን ሲያወጣ፣ ኤድዋርድ በርኔይስ በ1923 ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮርስ ሲሰጥ፣ ስለ ሙያው የሚጻፈው በአብዛኛው «እኛ እንዲህ አድርገን ተሳካልን» ዓይነት ነበር። ፐብሊክ ሪሌሽንስ ሪቪው የተባለው ጆርናል የተጀመረው በ1975 ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሜሪ አን ፈርጉሰን የተባሉ ተመራማሪ ጆርናሉ እስከዚያ ያወጣቸውን ጽሑፎች አንድ በአንድ መረመሩ። ንድፈ ሐሳብ ለመገንባት የሞከሩት 4 በመቶ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀረው የሙያ ልምድ፣ ምክርና የሥራ ሪፖርት ነው።

ፈርጉሰን በዚያው የ1984 የጉባኤ ጽሑፋቸው አንድ ሐሳብ ወረወሩ። ድርጅቱን ብቻ አናጥና፤ ሕዝቡንም ብቻ አናጥና፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት ራሱን እናጥና አሉ። ዛሬ ሲሰማ ተራ ነገር ይመስላል። ያኔ ግን አልነበረም። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ እየተባዛ ዞረ፤ ሁሉም እየጠቀሰው በጆርናል ሳይወጣ ቆየ። በመጨረሻ የታተመው በ2018 ነው። ከ34 ዓመት በኋላ! «ጽሑፌን መለሱብኝ» ብለሽ የምታዝኚበት ቀን ሲመጣ ይህቺን አስታውሺ።

ሐሳቡ ግን ፍሬ አፈራ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሌዲንግሃምና ብሩኒንግ፣ ሆንና ግሩኒግ ግንኙነትን የሚለኩ መጠይቆች አዘጋጁ። መተማመን፣ እርካታ፣ ቁርጠኝነት፣ ማን በማን ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው የሚለውን ሁለቱም ወገን መቀበላቸው፤ እነዚህ ሁሉ ነጥብ የሚሰጥባቸው ሆኑ። ሳሎትና ባልደረቦቿ በ2003 ባወጡት ጥናት እስከ 2000 ድረስ የታተሙ 748 ጽሑፎችን ሲመረምሩ፣ ንድፈ ሐሳብ ላይ የሠሩት ወደ 20 በመቶ ተጠግተው ነበር። ዘርፉ በሁለት እግሩ ቆመ ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ግሩኒግ። ጄምስ ግሩኒግና ቶድ ሀንት በዚያው በ1984 አራቱን ሞዴሎች አወጡ። ወሬ እያራገቡ ስም ማስጠራት አንድ፤ መረጃ ማሰራጨት ሁለት፤ ሕዝቡን አጥንቶ ማሳመን ሦስት፤ አራተኛው ሁለቱም ወገን እየተደማመጠ የሚለዋወጥበት የሁለትዮሽ ሚዛናዊ ሞዴል። ግሩኒግና ባልደረቦቹ ከዚያ በኋላ በአሜሪካ፣ በካናዳና በብሪታንያ ከ300 በላይ ድርጅቶችን አካተው «የሕዝብ ግንኙነትን ሥራ የላቀ የሚያደርገው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀውን ትልቁን የልቀት ጥናት ሠሩ። ሥራው በ1985 ተጀምሮ የመጨረሻው መጽሐፍ በ2002 ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንድ ትውልድ በሙሉ ወይ በዚህ ጥናት ላይ ሠራ፤ ወይ እሱን ሲቃወም ኖረ።

አርጅቷል ወይ? እንደ መለኪያ አዎ፤ እንደ መከራከሪያ አላረጀም። እስቲ አራቱን ሞዴሎች ይዘሽ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊውን «የትኛውን ትጠቀማላችሁ?» በያቸው። «እኛ እኮ አንድ ወገን ብቻ ነው የምናወራው» የሚል ኃላፊ በሕይወቴ አላጋጠመኝም። ሁሉም «የሁለትዮሽ» ነው የሚሉሽ። አንቺም ሰንጠረዥ ትሠሪና «68 በመቶ የሚሆኑት ሚዛናዊውን ሞዴል ይከተላሉ» ብለሽ ትጽፊያለሽ። (ቁጥሩን ለምሳሌ ነው የጻፍኩት፤ ግን እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ስንቱን አርሜአለሁ!) የተለካው አሠራሩ አይደለም። የተለካው ኃላፊው ትክክለኛውን መልስ ማወቃቸው ነው።

ከተቃዋሚዎቹ መካከል ሁለቱን ብቻ አንብቢ። ግሌን ካሜሮንና ባልደረቦቹ በ1997 «እንደ ሁኔታው ነው» የሚል ክርክር አቀረቡ። ድርጅት በአንዱ ጉዳይ ግትር፣ በሌላው ለስላሳ ሊሆን ይችላል አሉ፤ አቋሙን የሚወስኑ ከ80 በላይ ምክንያቶችንም ዘረዘሩ። (ሰማንያ! ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ዝርዝሩ ግን ለመመረቂያ ጽሑፍ አይመከርም።) ሁለተኛው ማይክል ካርልበርግ ነው። በ1996 የጻፈው አጭር ነው፤ ለኔ ግን ከመጽሐፍ ይበልጣል። ስለ ሚዛናዊነት እያወራን ምርምራችን ራሱ ሚዛናዊ አይደለም አለ። የምናጠናው የድርጅቱን ፍላጎት ነው። ገንዘብም አቅምም የሌላቸው ሰዎች እንዴት ይናገራሉ፣ እንዴት ይሰማሉ የሚለውን የሚያጠና የለም። በ2000 ደግሞ ከርክ ሃላሃን ስለተረሱት ዝምተኞች ጻፈ። ስለ ጉዳዩ ብዙም የማያውቁ፣ የማይሳተፉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰዎች ማለቱ ነው። ዘርፉ የሚያየው የሚጮኸውን ነው፤ የሚበዛው ግን ዝም ያለው ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋችንን ነገር ላንሳ። እኛ «ሕዝብ» ስንል አንድ ግዙፍ ነገር ነው የሚታየን። የዘርፉ ንድፈ ሐሳብ ግን ቃሉን በብዙ ቁጥር ነው የሚያስበው፤ በአንድ ጉዳይ የተነካ አንድ ቡድን፣ በሌላ ጉዳይ የተነካ ሌላ ቡድን። «ሕዝቦች» ብለን እንዳንተረጉመው ያ ሌላ ትርጉም አለው። «ባለድርሻ አካላት» ያልነው እንደሆነ በስብሰባ የሚጠሩት ብቻ ይቀሩልናል። እኔ እንደ አገባቡ «የጉዳዩ ተነኪዎች» እላለሁ፤ የተሻለ ቃል ካገኘሽ ላኪልኝ። ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልሽ። መጠይቅሽ ላይ «ሕዝቡ ስለ ድርጅቱ ምን ያስባል?» ብለሽ ስትጽፊ፣ የትኛው ሕዝብ እንደሆነ ካልወሰንሽ ናሙናሽ ገና ከመነሻው ተበላሸ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፌስቡክሽ እንምጣ። ኬንትና ቴይለር በ1998 ድረ ገጽ እንዴት ለውይይት እንደሚያገለግል የሚገልጹ አምስት መርሖች ጻፉ። ለጎብኚው የመመለሻ መንገድ መክፈት፣ የሚጠቅም መረጃ ማስቀመጥ፣ ጎብኚው እንዲመለስ ማድረግ፣ ገጹን ለአጠቃቀም ቀላል ማድረግ፣ ጎብኚውን ይዞ ማቆየት። ድረ ገጽ ብርቅ በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ችግሩ ቆይቶ መጣ። መርሖቹ በቀላሉ ስለሚቆጠሩ ሁሉም ይቆጥራቸው ጀመር። የባንክ ድረ ገጽ፣ የሆስፒታል ድረ ገጽ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ትዊተር፣ የዩኒቨርሲቲ ፌስቡክ። አማካሪሽን ያሰለቻቸው ይሄ ነው።

እስቲ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ የውኃ አቅራቢ ድርጅት እንበል። «ውድ ደንበኞቻችን፣ አገልግሎታችንን እንዴት አገኛችሁት?» ብሎ ለጠፈ። ከሥር አንዱ «ውኃ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆነን» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ የፈነዳ ቧንቧ ፎቶ አስገባች። ሦስተኛው ስልኩን አስቀምጦ «ኧረ ደውሉልኝ» አለ። ድርጅቱም ለሦስቱም «ስለ ሰጡን አስተያየት እናመሰግናለን» ብሎ ከልብ ምልክት ጋር መለሰ። አሁን የኮድ ቅጽሽን፣ ማለትም ያለውን 1 የሌለውን 0 እያልሽ የምትሞዪውን ሠንጠረዥ፣ አውጪ። ጥያቄ አቅርቧል? 1። አስተያየት መስጫው ክፍት ነው? 1። መልስ ሰጥቷል? 1። በ24 ሰዓት ውስጥ? 1። ድርጅቱ ድፍን አመጣ። ውኃው ግን አልመጣም። ቅጹ ላይ «ውኃው መጣ?» የሚል ሳጥን የለም።

ለኬንትና ለቴይለር ፍትሐዊ እንሁን። ራሳቸው በ2002 ዲያሎግ (እውነተኛ ውይይት) ቴክኒክ ሳይሆን አቋም ነው ብለው ጽፈዋል። መተሳሰብ፣ ሌላውን መረዳት፣ ቁርጠኝነትና አደጋን መቀበል ያስፈልጋል አሉ። አደጋን መቀበል ማለት ከተነጋገርሽ በኋላ ሐሳብሽ ሊቀየር እንደሚችል መፍቀድ ነው። ይህ ግን እንደ 1998ቱ በ1 እና በ0 አይቆጠርም። ስለዚህ ብዙዎቹ የ2002ቱን በመግቢያቸው ይጠቅሱና በሠንጠረዡ የ1998ቱን ይቆጥራሉ።

ከዚህ የተነሳ ለኔ ልብ የሚነካው አዲስ አቅጣጫ የማዳመጥ ጥናት ነው። ጂም ማክናማራ የተባሉ አውስትራሊያዊ ተመራማሪ በ2016 ባወጡት ሥራ ድርጅቶች ለተግባቦት ከሚያውሉት አቅም በአማካይ 80 በመቶ ያህሉ ለመናገር እንደሚውል አገኙ። ይህ ራሱን «የሁለትዮሽ» ብሎ የሚጠራ ሙያ ነው እንግዲህ። ማክናማራ ማዳመጥ የመልካም ጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም ይላሉ፤ መዋቅር ይፈልጋል። የሚያነብ ሰው፣ ያነበበውን የሚቀበል ክፍል፣ ውሳኔ የሚለውጥ ሥልጣን። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ የአስተያየት ሣጥን የወረቀት ማከማቻ ነው።

ከሁሉም ርዕስ ብዙ የተጻፈበት ግን የቀውስ ጊዜ ተግባቦት ነው። ዊሊያም ቤኖይት በ1995 የተጎዳ ስም እንዴት እንደሚጠገን ጻፈ። መካድ፣ ኃላፊነትን ማቃለል፣ ጥፋቱን ማሳነስ፣ ማስተካከል፣ ይቅርታ መጠየቅ። ቲሞቲ ኩምብስ ደግሞ የትኛው መልስ ለየትኛው ቀውስ ይስማማል ብሎ ጠየቀና ቀውሶችን በሦስት መደባቸው። ድርጅቱ ራሱ ተጎጂ የሆነበት፣ ሳይታሰብ የደረሰ፣ መከላከል ሲቻል የደረሰ። ሰው ጥፋቱን በድርጅቱ ላይ አብዝቶ በጣለ ቁጥር ድርጅቱም የበለጠ ኃላፊነት መውሰድ አለበት። ግልጽ ነው፤ ይፈተናል፤ ለዚህም ተወደደ።

የሚፈተነው እንዴት መሰለሽ? አንድ የሌለ ኩባንያ ይፈጠራል። ስለሱ ሁለት ዓይነት ዜና ይጻፋል። በአንዱ «መሣሪያው ተበላሸ»፣ በሌላው «ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ያውቅ ነበር»። ተማሪዎች ያነቡና ከ1 እስከ 7 ያሉ ሣጥኖችን ያጠቁራሉ። አሥር ደቂቃ። ምርቱን ገዝተው አያውቁም፤ ማንም አልሞተባቸውም። ሙከራው ውሸት ነው አልልም፤ መንስኤን ከውጤት ለመለየት ከዚህ የተሻለ መንገድ ጥቂት ነው። ግን በውስጡ ያለው «ሕዝብ» ነጥብ ለማግኘት የገባ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መሆኑን አትርሺ።

የመማሪያ ክፍሉም ምሳሌ እንዲሁ ያሳስታል። በ1982 ቺካጎ አካባቢ ሳይናይድ የተቀላቀለበት የታይሌኖል መድኃኒት ሰባት ሰዎችን ገደለ። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ከገበያ ሰበሰበ። የሕዝብ ግንኙነት ተማሪ ሁሉ ይህን እንደ ገድል ሰምቷል። እርምጃው በእርግጥ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን በኩምብስ ምደባ እየው። መርዙን የጨመረው ሌላ ሰው ነው። ድርጅቱ ራሱ ተጎጂ ነበር። በዚህ ምሳሌ የተማረ ባለሙያ የገዛ ፋብሪካው ጥፋተኛ የሆነ ዕለት ምን ያደርጋል? አዲሶቹ ጥናቶች ትኩረታቸውን ወደ ተጎጂው እያዞሩ ነው። ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ምን ማወቅ ይፈልጋል? ፍርሃቱና ቁጣው መረጃ ፍለጋውን እንዴት ይለውጠዋል? ከኮቪድ በኋላ እነዚህ ጥያቄዎች በረቱ፤ ምክንያቱም ያኔ የተፈተነው የአንድ ድርጅት ስም ሳይሆን የሰው ነፍስ ነበር።

ሌላው ጅረት የትችት ጥናት ነው። ዣኪ ሌታንግና ማግዳ ፒዬችካ በ1996 ባሰናዱት መድበል በሩን በሰፊው ከፈቱት። ጥያቄያቸው «ሕዝብ ግንኙነት እንዴት ይሳካል?» ሳይሆን «ሲሳካ ማን ይጎዳል?» ነው። በ2012 የተጀመረው ፐብሊክ ሪሌሽንስ ኢንኳየሪ ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ቤት ሆነ። የቤል ፖቲንገርን ታሪክ አንብቢ። ትልቅ የብሪታንያ ኩባንያ ነበር። በደቡብ አፍሪካ ለባለሀብቱ የጉፕታ ቤተሰብ ኩባንያ በሠራው የዘር ቁርሾ የሚያባብስ ዘመቻ የተነሳ በ2017 ከሙያ ማኅበሩ ተባረረ፤ ወዲያውም ፈረሰ። ዘመቻውን በስኬት መለኪያ ብቻ ብናየው መልእክቱ ደርሷል፤ ሰውም ተነጋግሮበታል። የትችት ጥናት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ድክመቱንም ልንገርሽ። አንዳንዱ ጽሑፍ ቡርዲዮንና ፉኮን የመሳሰሉ የፈረንሳይ ፈላስፎችን እየጠቀሰ ሃያ ገጽ ይሄድና አንድም ሰው ሳያነጋግር ያበቃል። ስለተረሳው ሕዝብ ጽፎ ሕዝቡን ራሱ መርሳት ማለት ይሄ ነው።

የአሠራር ነገር በአጭሩ። ባለፉት አሥር ዓመታት ትዊቶችን በሺዎች አውርዶ በኮምፒውተር መተንተን ፋሽን ሆኖ ነበር። በ2023 ትዊተር ለተመራማሪዎች በነፃ የሚሰጠውን ዳታ ዘጋ። በነሐሴ 2024 የፌስቡክ ባለቤት ሜታ፣ ተመራማሪዎች የፌስቡክ ልጥፎችን የሚከታተሉበትን ክራውድታንግል የተባለ መሣሪያ ዘጋው። አንቺ እጅ ላይ አሁን የቀረው በአብዛኛው ዓይን፣ ጆሮና ትዕግሥት ነው። እኔ አላዘንኩም። ብዙ ዳታ ስለነበረ ብቻ የተሠራ ጥናት ብዙ ነበር።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስስ? ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ ጽሑፉ ጎርፍ ነው። «ባለሙያዎች ይጠቀሙበታል ወይ?» የሚል መጠይቅ አታዘጋጂ፤ ጽሑፍሽን ሳትከላከዪ ያረጃል። «ይህን መግለጫ የጻፈው ማሽን ነው» ሲባል አመኔታ ይቀንሳል ወይ የሚለው ትንሽ ዕድሜ አለው። የሚስበኝ ግን አንዱ ነው። ያቺ የፈነዳ ቧንቧ ፎቶ ያስገባችው ሴት ማሽን ቢመልስላት፣ በትሕትና፣ በሁለት ሴኮንድ፣ ያለ ፊደል ግድፈት ቢመልስላት፣ ተሰማሁ ትላለች? ድርጅቱስ ሰማ እንላለን?

ስለዚህ ፕሮፖዛልሽን አትጣይው። ድርጅቱም ፌስቡኩም ይቆዩ፤ ጥያቄውን ገልብጪው። ድርጅቱ ምን ለጠፈ ሳይሆን ሰዎች ያሉት ነገር ከገጹ ተነስቶ የት ደረሰ በዪ። የሦስት ወር አስተያየቶችን ውሰጂ። አቤቱታ የሆኑትን ለዪ፤ መቶ ቢሆኑ ይበቃሽ። ከነሱ አሥሩን ምረጪና እግር በእግር ተከተዪ። ማን አነበበው? ለየትኛው ክፍል ተላለፈ? በምን? በስልክ፣ በደብዳቤ፣ ወይስ በቴሌግራም ግሩፕ? የት ላይ ቆመ? ከዚያ ጸሐፊዎቹን አነጋግሪ፤ በተለይ መጻፍ ያቆሙትን። ገጹ ለሁሉም ክፍት ነው ብለሽ ስማቸውን ጽሑፍሽ ውስጥ እንዳታስገቢ። ፈቃድ ጠይቂ፤ ቃላቸውን ስትጠቅሺም ተፈልጎ እንዳይገኝ አድርገሽ አቅርቢው።

ንድፈ ሐሳቡ የማክናማራ የማዳመጥ መዋቅር ይሁን፤ ካርልበርግን ለመነሻ፣ የኬንትና የቴይለርን የ2002 ሥራ ለክርክር ያዢ። ግሩኒግ በምዕራፍ ሁለት ሁለት ገጽ ይበቃዋል። ናሙናው ትንሽ ነው ብለው ይከራከሩሽ ይሆናል። ዓላማሽ በመቶኛ መናገር ሳይሆን መንገዱን ማሳየት እንደሆነ ገና በምዕራፍ አንድ ጻፊው፤ ያኔ ጥያቄው ራሱ ይቀንሳል።

ገጹን የሚያስተዳድረውን ባለሙያ ስታገኚ ደግሞ «ከሕዝቡ ጋር ያላችሁ ግንኙነት ምን ይመስላል?» ብለሽ እንዳትጀምሪ። ያንን መልስ አሁኑኑ ልጽፍልሽ እችላለሁ። ስልኩን እንዲያወጣና ትናንት ከመጡት አስተያየቶች አንዱን እንዲያሳይሽ ጠይቂው። ከዚያ «ይህን ካነበብክ በኋላ ለማን ደወልክ?» በዪው።